ኮልታፋ እጅ

አያት፣ የካቲት 9 ቀን 2005 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለም፣

ከእኔ ከታናሽ ወንድምሽ ከአያት ተነሥቶ ሆሳዕና የሚደርስ ሰላምታ ይድረስሽ። እንዴት ከረምሽ? ጉንፋኑስ ለቀቀሽ? ተማሪዎችሽ ሁሉ ደህና ናቸው? እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። እማዬ ከጉልበቷ በቀር ምንም አልሆነችም፤ ጉልበቷም ቢሆን ትዝ የሚላት አራተኛ ፎቅ ስትወጣ ብቻ ነው። ኮንዶሚኒየሙ የወጣላት ቀን እልል ያለችው ሴትዮ አሁን ደረጃው መሀል ቁጭ ትልና ዕጣውን ያወጣው ሰውዬ ማን ይባላል እያለች ትጠይቀኛለች። ከመገናኛ እስከ እኛ ድረስ መንገዱ ለባቡር ተብሎ ተቆፍሮ አቧራው በመስኮት ይገባል። እማዬ ባቡሩ ሲያልቅ ሆሳዕና ድረስ የሚሄድ መስሏታል፤ ደስ ስላላት አላረምኳትም።

ይህን የምጽፍልሽን በሞባይል መልእክት ልልክልሽ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ይቅርታ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ ቀልድ ይመስላል። እኔ ደግሞ አንድ ደብዳቤ እንኳ ሳልቀልድ ልጽፍልሽ ወስኜ ነበር። እስካሁን እንዳየሽው ውሳኔው አልጸናም።

ነገሩ ፈቃድ ልለምንሽ ነው። ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት አንድ ሰዓት ሙሉ ብቻዬን የምቀልድበት ዝግጅት ተሰጥቶኛል። ዘፋኝ የለ፣ ተወዛዋዥ የለ፣ እኔ ብቻ። በሲዲም ይቀረጻል። ይህን ያህል ዓመት ስጠብቀው የኖርኩት ነው። የዝግጅቱ እምብርት ግን የአንቺና የእኔ ጉዳይ ነው፤ ያለ እሱ አንድ ሰዓት የሚሞላ ነገር የለኝም። አንቺ አይሆንም ካልሽ ዝግጅቱን እተወዋለሁ። አንድ ጊዜ ሳልጠይቅሽ ያንቺን ወስጃለሁ፤ ከእንግዲህ ሳልጠይቅ አልወስድም።

የትኛውን እንደምል ታውቂያለሽ። እንዲህ ብዬ ግን ለአንቺ ነግሬሽ አላውቅም፣ ስለዚህ ዛሬ ልንገርሽ።

እኔ ዐሥር ዓመቴ፣ አንቺ ዐሥራ አራት። ፈረንሳይ ሰፈር ከዳገቱ ላይ ባለው ቤታችን ውስጥ እኔና አንቺ የፈጠርነው የእጅ ቋንቋ ነበረን። አባዬና እማዬ አንቺን ለማናገር ሲፈልጉ ይጮኹ ነበር፤ ጩኸት የማይሰራ መሆኑ እስከ መጨረሻው አልገባቸውም። እኔና አንቺ ግን ሁሉን እንነጋገር ነበር። አባዬ ማለት ሪዝ ማሻሸት፣ እማዬ ማለት መቀነት ማጥበቅ። እኔ ማለት ጉንጭ ነፍቶ በጣት ማፍረጥ። ጎረቤታችን እትዬ አስካለች ደግሞ አንዱን መዳፍ አጥር አድርጎ ሁለት ጣት ከበላዩ ብቅ ማድረግ ነበረች፤ ሁልጊዜ በአጥር ላይ የምናያት ሁለት ዓይን ስለነበረች። እሷን ባነሣን ቁጥር ትስቂ ነበር። ሳቅሽ ከሆድሽ ይነሣል፣ መሀል ላይ ይሰበራል፣ ከዚያ ወደ ላይ ይወጣል። እንደዚያ ያለ ሳቅ በሰፈሩ አልነበረም። እኔ እወደው ነበር፤ እውነቴን ነው።

ቅዳሜ ውሃ የሚመጣበት ቀን ነው። የቦኖው ሰልፍ ከታች ጀምሮ እስከ እትዬ አስካለች አጥር ይደርሳል፣ ፀሐዩ ይከራል። ሁለት ሴቶች በተራ ተጣልተው፣ አንዷ የሌላዋን ጀሪካን በእግሯ መትታ፣ ሊያያዙ ደርሰዋል። እንዴት እንደመጣልኝ አላውቅም፣ ያንቺን ሳቅ ሳቅኩት። ከሆዴ አስነሥቼ፣ መሀል ላይ ሰብሬ፣ ፊቴንም እንደ አንቺ አድርጌ። ሰልፉ ፈረሰ። ሊደባደቡ የነበሩት ሴቶች ተደጋግፈው ሳቁ። ሰው ሲስቅልኝ የመጀመሪያዬ ነበርና ጣመኝ። ድገመው አሉኝ፣ ደገምኩት። ሦስተኛውን ስጀምር ለካ አንቺ ጀሪካንሽን ይዘሽ ከኋላዬ ቆመሻል። ሰው ሁሉ ሲስቅ አይተሽ፣ ምን እንደሆነ ሳታውቂ፣ አብረሽ ሳቅሽ። እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ እሱ ነው። ከዚያ ዞርኩና ፊቴን አየሽው። ድምፁን አልሰማሽም፤ ፊቱ የማን እንደሆነ ለማወቅ ግን ጆሮ አላስፈለገሽም። ጀሪካንሽን ሳትሞዪ ዳገቱን ተመልሰሽ ወጣሽ።

በሦስተኛው ወር ሆሳዕና ትምህርት ቤት ገባሽ። እማዬ ነገሩ በቤተ ክርስቲያን በኩል ከዓመት በፊት ያለቀ እንደነበረ ትነግረኛለች። እኔ ግን ለብዙ ዓመት ያባረርኩሽ እኔ እንደሆንኩ ነበር የማምነው። ለበዓል ስትመጪ እንደ ድሮሽ ነበርሽ፤ ከረሜላ ታመጪልኛለሽ፣ ጉንጭሽን ነፍተሽ ትጠሪኛለሽ። አንድ ነገር ብቻ ተለወጠ። ሳቅ ሲመጣብሽ የነጠላሽን ጫፍ አፍሽ ላይ ታደርጊና ትከሻሽ ብቻ ይነቃነቃል። ያን ድምፅ ከቦኖው ወዲህ ቤታችን ውስጥ አልሰማሁትም። እኔም አፈርኩና አንድ ቀን እንኳ አላነሣሁትም። ትምህርት ቤት የተማርሽውን ትክክለኛውን ምልክት አስተምሪኝ ብዬሽም አላውቅም። ይቅርታ አድርጊልኝ እታለም። ሃያ አንድ ዓመት ዘግይቷል፣ ግን ይኸው አልኩሽ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን እማዬ በየደብዳቤዋ ነግራሻለች። የሰው ድምፅ እየሰረቅኩ እንጀራ መብላት ጀመርኩ። የቀበሌ ሊቀመንበር፣ የሬዲዮ ዜና አንባቢ፣ የታክሲ ወያላ፣ ኳስ የሚያስተላልፍ ጋዜጠኛ፣ ዓይኑን ጨፍኖ የሰማኝ አይለየኝም። መገናኛ የካሴትና የሲዲ ሱቅ ያለው ከድር የሚባል ጓደኛ አለኝ፤ ሥራ የሚያገናኘኝ እሱ ነው። ሱቁ የገባን ሰው ሁሉ ሰርግ ምናምን የላችሁም ወይ ብሎ ሳይጠይቅ አይሸኝም።

ግን አንድ ሕመም ነበረብኝ። ዝምታ እፈራለሁ። አንድ ቀልድ ተናግሬ ሰው ወዲያው ካልሳቀ ሌላ እደርብበታለሁ፣ በዚያም ላይ ሌላ። አምና ለዳግማይ ትንሣኤ መገናኛ አጠገብ ባለ አንድ ሆቴል ሃያ ደቂቃ ሰጡኝ፤ በዘጠኝ ደቂቃ ጨረስኩት። ሦስት መቶ ሰው ሹካውን ይዞ ያየኛል። መሀል ላይ አንድ አስተናጋጅ ትሪ ተሸክሞ በመድረኩ ጥግ ሲያልፍ አንሸራተተውና ለጥቂት ዳነ። የዚያን ዕለት የተሳቀው ለእሱ ብቻ ነው። የሆቴሉ ባለቤት በጨዋ ደንብ ትከሻዬን ይዞ እስከ በሩ ሸኘኝ።

ከድርን በቃኝ አልኩት። ሱቅህ ውስጥ ቅጠረኝ፣ ሲዲ ልሽጥ አልኩት። እሺ አለኝና ስምንት ወር ሸጥኩለት። ገና ሲቃረብ ግን አንድ ሥራ ተቀብዬልሃለሁ፣ እሷን ሠርተህ ትተወዋለህ አለኝ። ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው ብዬ ጠየቅኩት። ጨዋዎች ሳይሆኑ አይቀሩም፣ የደወለችው ልጅ ስምህን ጠርታ እሱ ራሱ ይምጣ፣ ማን እንደሆንን አትንገረው፣ ምንም እንዳይዘጋጅ ብላኛለች አለኝ። ከድር ደግሞ አትጠይቅ የተባለውን ቀርቶ ጠይቅ የተባለውንም አይጠይቅም።

አዳራሹ ሲግናል ሰፈር ነው። ስገባ ሁለት መቶ የሚሆን ሰው ተቀምጧል፣ ድምፅ የለም። እግዜር ይስጣቸው፣ እንዲህ ያለ ሥርዓት ያለው ሕዝብ አይቼ አላውቅም ብዬ ሳልጨርስ እጆቹን አየሁ። አዳራሹ በሙሉ በእጁ ያወራል፤ ያማል፣ ይከራከራል፣ ልጅ ይቆጣል። መስማት የተሳናቸው ማኅበር የገና ዝግጅት ነበር።

ጵርስቅላ የምትባል ረጅም ቀጭን ልጅ መጥታ የደወልኩት እኔ ነኝ፣ አስተርጓሚህም እኔው ነኝ አለችኝ። እሑድ እሑድ ስብከት እንደምታስተረጉም፣ ቀልድ ግን አስተርጉማ እንደማታውቅ ነገረችኝና ቀስ ብዬ እንድናገር አስጠነቀቀችኝ። እኔ የበሩን ርቀት በዓይኔ እለካ ነበር። ያለኝ ሁሉ ድምፅ ነው። ለእነሱ ድምፅ ይዞ መቅረብ ለጾመኛ ሥጋ ይዞ እንደመሄድ ነው።

ማምለጫ ስላልነበረኝ ወጣሁ። በዜና አንባቢው ጀመርኩ። ጵርስቅላ በጥንቃቄ፣ አሁን እንደ ሬዲዮ ሰው እየተናገረ ነው ብላ አስተረጎመች። ሰዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ለመረጃው ያመሰገኑኝ ይመስል ነበር። ወያላውን አመጣሁ። አሁን እንደ ወያላ እየጮኸ ነው አለቻቸው። ነቀነቁ። ሁለት መቶ ሰው እኔን ትቶ እሷን ያያል። እኔ እዚያ የቆምኩት ለእሷ ማይክራፎን ለመያዝ ነበር ማለት ይቻላል።

ይሄኔ ፊት ረድፍ ላይ የተቀመጡ አንድ ሸበቶ ሰው እጃቸውን አነሡ። አቶ ይድነቃቸው ይባላሉ፣ ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው። በጵርስቅላ በኩል እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ፦ ይህ የሬዲዮ ሰው ድምፅ የምትለው ነገር ምን ይመስላል?

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። እኔም እንዴት እንደሚሰማ እንጂ ምን እንደሚመስል አስቤው አላውቅም። ማይክራፎኑን መሬት ላይ አስቀመጥኩት። አገጬን አነሣሁ። ማንም አድማጭ የማያየውን ክራባቴን አጠበቅኩ፣ ጸጉሬን አስተካከልኩ። ለመጥፎው ዜና ምራቄን ዋጥኩ፣ ለጥሩው አንድ ቅንድቤን ብቻ አነሣሁ። የጤፍ ዋጋ ላይ ስደርስ ወረቀቱን አየሁት፣ አራቅኩት፣ ገልብጬ ደግሞ አየሁት። አቶ ይድነቃቸው ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ ረድፋቸው ሳቀ፣ ከዚያ አዳራሹ። ወያላውን በማይዘጋ በር ላይ አንጠለጠልኩት፤ የቀበሌውን ሊቀመንበር አጀንዳው እስኪጠፋው ድረስ ወረቀት አገላበጥኩበት።

ሌላም ነገር ተማርኩ። ስናገር ቃሌ በጵርስቅላ እጅ በኩል ስለሚሄድ ሳቁ ወዲያው አይመጣም። እንደ ልማዴ ሌላ ልደርብ ስል እጇን ሳታቆም በዓይኗ ትገሥጸኛለች፤ የእሑድ ሰባኪዎቹንም እንደዚያው የምታደርጋቸው ይመስለኛል። ስለዚህ ቆሜ ጠበቅኩ። ስሸሸው በኖርኩት ዝምታ መሀል ቆሜ ጠበቅኩ እታለም፣ ሳቁም መጣ። ለካ ድሮም ይመጣ ነበር፣ እኔ ነበርኩ ሳይደርስ ጥዬው የምሄደው። ያን ዕለት በጣም ተደሰትኩ፣ አለቅሳለሁ ብዬም ፈራሁ።

ነገር ግን ሰባት ደቂቃ ሲቀረኝ ያለኝ ሁሉ አለቀ። እንግዲህ ምን ልስጣቸው እያልኩ ሳስብ እጄ ቀደመኝ። አንዱ መዳፌ አጥር ሆነ፣ ሁለት ጣቴ ከበላዩ ብቅ አለ። ሃያ አንድ ዓመት አድርጌው አላውቅም። እንግዳ ሲመጣ ዓይኖቹ ብቅ አሉ፣ እማዬ ስትዞር ጥልቅ አሉ፤ ሥጋ የተገዛ ቀን ደግሞ አጥሩን ተሻግረው ግቢ ገቡ። ሪዙን አሻሸሁ፣ መቀነቱን አጠበቅኩ፣ ጉንጬን ነፋሁ። የቤታችንን ሰው በሙሉ መድረኩ ላይ አወጣሁት። አዳራሹ መጀመሪያ ግራ ገባው፣ ኋላ ሲገባው በሳቅ ወደቀ። አቶ ይድነቃቸው ተነሥተው ለሕዝቡ አንድ ነገር በእጃቸው አሉ፤ ሰው ወንበር ይዞ ሳቀ። ጵርስቅላን ምን አሉ አልኳት። ይህ ልጅ ቋንቋችንን ያውቃል፣ ግን እጁ ኮልታፋ ነው አሉ አለችኝ።

ጨርሼ እጅ ስነሣ ሁለት መቶ ሰው እጁን ወደ ላይ አንስቶ አራገበብኝ። በቃህ ሂድ ያሉኝ መስሎኝ ወደ ደረጃው ዞርኩ። ጵርስቅላ ኮቴን ይዛ መለሰችኝና እያጨበጨቡልህ ነው አለችኝ። የእናቴ ልጅ፣ የሥጋዬ ቁራጭ አንቺ ሆነሽ፣ ጭብጨባችሁን አላውቀውም ነበር። ከደስታው ሁሉ መሀል ያን ጊዜ በጣም አፈርኩ።

ከዚያ በኋላ ሲዲ መሸጡን ተውኩ። ማክሰኞና ሐሙስ ጵርስቅላ ምልክቱን ታስተምረኛለች፤ ኮልታፋነቱ ቀስ በቀስ እየለቀቀኝ ነው ትላለች። ጠዋት ጠዋት ወደ እንጦጦ ማርያም በሚወስደው ዳገት እወጣና ባሕር ዛፉ ውስጥ ያለ ድምፅ እለማመዳለሁ። ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች መጀመሪያ ሰሞን አበደ ብለው መንገድ ይለውጡ ነበር። አሁን ሸክማቸውን ደገፍ አድርገው ያርፉብኛል፤ ያላሳቃቸውን ነገር አውጥቼ እጥላለሁ።

ዛሬ ሳምንት ያ ሆቴል እንደገና ጠራኝ። ከድር እንዴት አድርጎ እንዳሳመናቸው አላውቅም። ያው አዳራሽ፣ ያው ሦስት መቶ ሰው፣ ያው ሹካ። አምስተኛው ደቂቃ ላይ ማይክራፎኑ ሞተ። ልጆቹ ገመድ ይዘው ወዲያና ወዲህ ሮጡ። አምና ቢሆን ነፍሴ በወጣች። አሁን ግን መሬት ላይ አስቀመጥኩትና የሬዲዮውን ሰው ክራባቱን አሳሰርኩት። ከዚያ ጠበቅኩ። ምንም ሳልናገር አሥራ አራት ደቂቃ ሠራሁ፤ በመሀሉ ማይኩ ተጠግኖ ይዘውልኝ መጡ፣ አልፈልግም ብዬ በእጄ መለስኳቸው። እትዬ አስካለች አጥሩን ስትሻገር ሰው ጠረጴዛ ይደበድብ ነበር። የአምናው አስተናጋጅ እንኳ ትሪውን አስቀምጦ ቆሞ ሳቀ። ባለቤቱ መጥቶ ትከሻዬን ያዘኝ። ትከሻው ያው ነው፣ አያያዙ ግን ሌላ ነበር። የአንድ ሰዓቱን ዝግጅት የሰጠኝ ያኔ ነው።

አሁን ጥያቄዬ ይኸው። ሳልጠይቅሽ ሁለት ጊዜ ከእጄ ያመለጡኝን አጥሩን፣ ሪዙን፣ መቀነቱን፣ ጉንጩን አሁን በሲዲ ተቀርጸው በሕዝብ ፊት ላውጣቸው? እትዬ አስካለችን ፈረንሳይ ድረስ ሄጄ ጠይቄያለሁ። በአጥሯ ላይ ብቅ ብላ ሰማችኝና እኔ እንዲህ አድርጌ አላውቅም፣ ግን ፈቅጃለሁ አለችኝ። እማዬም አባዬ ቢኖር ሪዙን ይፈቅድልህ ነበር ብላለች። የቀረሽው አንቺ ነሽ፣ ግማሹ ያንቺ ነውና። ሳቅሽን ግን አልነካውም፤ በመድረክም በሌላም ቦታ ሁለተኛ አልነካውም። እሺ ካልሽ በሞባይል አንድ ቃል ላኪልኝ። አይሆንም ካልሽም ላኪልኝ፣ አላዝንብሽም።

ያልነገርኩሽ አንድ ነገር ቀርቶኛል። ሲግናል አዳራሽ ውስጥ ሁለቱን ጣቶቼን ከመዳፌ በላይ ብቅ ሳደርግ ጵርስቅላ እጇን አቁማ ምንድን ነው እሱ ብላ በዓይኗ ጠየቀችኝ። አዳራሹም ገና ምንም አልገባውም ነበር። በመጨረሻው ረድፍ ግን አንድ ሰው ቀድሞ ሳቀ። ሳቁ ከሆድ ተነሣ፣ መሀል ላይ ተሰበረ፣ ከዚያ ወደ ላይ ወጣ። ያን ሳቅ ከባለቤቱ ቀጥሎ እንደ እኔ የሚያውቀው የለም። መብራቱ ዓይኔ ላይ ነበርና ፊት አላየሁም። ስወርድ ሮጬ ሄድኩ፤ ወንበሩ ባዶ ነበር። ጵርስቅላን ስሜን ማን ነግሮሽ ነው የደወልሽው አልኳት። ቃል ሰጥቻለሁ፣ አልናገርም አለችኝ። በሩ ላይ ስንለያይ ግን ጉንጯን ነፍታ በጣቷ አፈረጠችው።

አንቺን ምንም አልጠይቅሽም። የሆሳዕና አውቶብስ አድካሚ ነው፣ የገና ሰሞን ደግሞ ደርሶ መልስ ከባድ ነው ይባላል።

ፊት ረድፍ ላይ ከአቶ ይድነቃቸው አጠገብ አንድ ወንበር አስይዣለሁ። ጵርስቅላም ከጎኔ ቆማ ታስተረጉማለች። ጌታ በሰላም ያገናኘን፤ ደጅሽን ይጠብቀው፣ ልፋትሽን በተማሪዎችሽ ይክፈልሽ። እማዬ ጉንጭሽን ሳመችሽ። ስትመጪ ደግሞ ግንቦት ሙቀት ነው፣ ነጠላሽን ቤት ተይው።

ጉንጭ ነፊው ታናሽ ወንድምሽ